የቤታው ዋስ

መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። የከማሉዲንን ፀጉር ቤት መጋረጃ ገና ሳይገልጥ፣ ከይርገዱ ሻይ ቤት ጥግ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ለመካነ ሰላም እንግዳ የሆነ ሰው ሽሮ እየተንተከተከ መስሎት ይገባና ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው ያገኛል። አንድ የደጎሎ ነጋዴማ ገብቶ «ምሳ ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ፤ ካፈረ አይቀር ብሎ ተቆርጦ ወጣ።

ድምፁ የሚወጣው ከመስታወት ሳጥን ነው። ደሴ የነበረ አንድ ሆቴል ሲዘጋ ዕቃውን ሸጠ፤ ከማሉዲን ለፀጉር ቤቱ ወንበር ሊገዛ ሄዶ አኳሪየም ገዝቶ መጣ። ውስጡ አሥራ አራት ዓሣ አለ። ዘጠኙ ጉፒ የሚባሉት ናቸው፤ ጭራቸው የተንዠረገገ፣ እንደ ሠርገኛ ያጌጡ። አራቱ ደግሞ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያለባቸው፣ የትም ቢሄዱ አራት ሆነው የሚሄዱ ቀጫጭኖች ናቸው። እነዚህ አሥራ ሦስቱ እንደ ጥሩ ጎረቤት ይኖራሉ። አሥራ አራተኛው ቤታ የሚባለው፣ ከወገኑ ጋር የሚጣላ ዓሣ ነው።

ቤታውን ከደሴ ያመጣው ሾፌሩ ፋሩቅ ነው። «በላስቲክ ውሃ አድርገው ሰጡኝ። አቀስታ ስደርስ ብርዱ እንዳይገድለው ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። ወላሂ ለእናቴ እንዲህ አልሆንኩላትም» ይላል። ዓሣው ቀይ ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፤ ክንፉን እንደ ካባ ይጎትታል። ከማንም ጋር አይሄድም። ጥግ ይዞ፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ግን ምን እንደሆነ እንደጠፋው ሰው፣ ቆሞ ይውላል።

ይህ ዓሣ ቀልቡን የሳበው በሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራውን የኋላሸትን ነበር። የኋላሸት ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። አባቱ በሞተ በሳምንቱ ከማሉዲን ጠርቶ ወንበር ሰጠው፤ ቶንዶስ አያያዝም ያስተማረው እሱ ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ አፍ ግን የለውም። ደንበኛ «የጤፍ ዋጋ ምን ይሻላል?» ሲለው፣ ወደ ሳጥኑ አይቶ «እሱ ዛሬ አልበላም» ይላል።

«ፀጉር ቆራጭ ሆኖ አለማውራት፣ ሾፌር ሆኖ አለመንዳት ነው» ይላል ከማሉዲን። ይላል እንጂ ወንበሩን አልነሳውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ድምፁም ቆመ። ከማሉዲን አቀስታ ለቅሶ ሄዷል። አሥራ ሦስቱ ዓሦች ሽቅብ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። የኋላሸት ኩባያ አንስቶ ውሃውን እየቀዳ፣ ከፍ እያደረገ መልሶ ያፈስሰው ገባ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ጢሙን ሊስተካከል የመጣው ፋሩቅ ተቀምጦ አየው።

«ምን እያደረግህ ነው፣ የኔ ወንድም?»

«አየር እያስገባሁ። ፓምፑ ከቆመ ይታፈናሉ።»

«እሱስ?» አለ ፋሩቅ፣ ጥግ ላይ የቆመውን ቤታ እያሳየ።

«እሱ እንደኛ ከላይ ስቦ ይተነፍሳል። ውሃው አየር ባይኖረውም አይሞትም። ስልክ ላይ አንብቤያለሁ።»

«አይ የታደለ» አለ ፋሩቅ፤ ጢሙን ሳይስተካከል ሄደ።

በማግስቱ የኋላሸት በፕላስተር ላይ «አይነቀል» ብሎ ጻፈና የፓምፑ ሶኬት ላይ ለጠፈው።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤታው የጉፒዎቹን የተንዠረገገ ጭራ ሲያይ ሌላ ቤታ የመጣበት ይመስለዋል መሰል፣ አንድ ጠዋት የአንዱን ጭራ ነጨው። ከማሉዲን አየ።

«ይሄ ሽፍታ ነው! ዛሬውኑ ወንዝ እጥለዋለሁ!»

ከሰኞ ጀምሮ ያልተናገረው የኋላሸት «አይጣልም» አለ።

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጋሽ ባህሩ ናቸው፤ በከተማው የድንበር ጠብ ሁሉ እሳቸው ሳይቀመጡበት አይፈታም። ሌላው ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ ሙእሚን ናቸው። ጋሽ ባህሩ ጋዜጣቸውን አጠፉ።

«ሁለት ወገን ሳይሰማ ፍርድ የለም» አሉ። «ሦስተኛ ሽማግሌ ጥሩ።»

ሦስተኛ ሆና የገባችው ሻይ ይዛ የመጣችው ይርገዱ ነበረች። ሴት ለሽምግልና አትቀመጥም ቢሏት፣ «እንግዲያ ሻዩም አይቀመጥ» ብላ ልትመለስ ስትል ቦታ ለቀቁላት።

«ተበዳዩ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ባህሩ።

«ጭራው የተነጨው» አለ ከማሉዲን።

«የቱ ነው?»

ከማሉዲን ጠጋ ብሎ አየ። ዘጠኙ ይዞራሉ። «አሁን እዚህ ነበር» አለ።

«ተበዳይ ካልቀረበ ነገር ይከብዳል» አሉ ሼህ ሙእሚን በሐዘኔታ።

«ሚስት ስለሌለው ነው እንዲህ የከፋው» አለች ይርገዱ። «ሚስት አምጡለት።» ዓይኗን ከዓሣው ወደ የኋላሸት አዞረችና «ለሁለቱም» አለች።

«ሴት ብናስገባበት ይገድላታል» አለ የኋላሸት።

«ኧረ በስማም! ይቅርበት። አንተም ቆይ።»

ጋሽ ባህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠባዩ የከበደ ሰው ከሰፈር አይባረርም። ዋስ ይጠራል። ዋስ ካገኘ ይቀመጥ፤ ካጣ ይሂድ። ለዚህ ዋስ የሚሆን ማን አለ?»

«እኔ አለሁ» አለ የኋላሸት።

«እንግዲያ እኔም ቃሌን ልስጥ» አለ ከማሉዲን፣ ገና ንዴቱ ሳይበርድ። «ከዚህ በኋላ አንድ ዓሣ ቢሞት፣ እሱ ወንዝ ይወርዳል፣ ዋሱ ወንበር ይለቃል።»

«እሺ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለ ከማሉዲን።

ሼህ ሙእሚን እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። ጋሽ ባህሩም ማተባቸውን እያሻሹ ሞቅ አድርገው «አሚን» አሉ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ሻይ ተጠጣ። ይሁንና በዚህ አገር ሽማግሌ የተቀመጠበትና አሚን የተባለበት ነገር፣ ሲጀመር ቀልድ ቢሆን እንኳ ሲያልቅ ቀልድ አይደለም። ከማሉዲንም ያውቃል፤ የኋላሸትም ያውቃል።

የኋላሸት ከይርገዱ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የላስቲክ አበባ ለምኖ ሳጥኑ ውስጥ ተከለ፤ ባለጭራዎቹ እንዲሸሸጉበት። ሠራለት። አርባ ቀን ጠብ አልተሰማም። ይርገዱ ብቻ «አበባዬ ዋና ለመደ» እያለች ትመጣና ታየው ነበር።

በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት የኋላሸት የሻይ ቤቱ ጥግ ላይ ደርሶ ቆመ። ምንም አይሰማም።

መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ከማሉዲን ሳጥኑ ፊት እጁን አጣምሮ ቆሟል። አሥራ ሦስቱ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ቤታው ከመካከላቸው ብቅ ይልና አየር ስቦ ይመለሳል።

«አሥራ ሦስት!» አለ ከማሉዲን። «አሥራ ሦስቱንም! በአንድ ሌሊት! ይኸው ዋስትናህ።»

የኋላሸት ገመዱን በዓይኑ ተከተለ። ዲቫይደሩ ሦስት ቀዳዳ አለው። በአንዱ የውሃው ማሞቂያ፣ በአንዱ ቶንዶሱ ተሰክቷል። በሦስተኛው የከማሉዲን የስልክ ቻርጀር አለ፤ ስልኩም ጫፉ ላይ። የከማሉዲን ሰፈር መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ስልኩ እዚህ ተሰክቶ አድሯል። ባለፕላስተሩ ሶኬት መሬት ወድቋል።

ከማሉዲን የሞቱትን ብቻ ነው የሚያየው። የኋላሸት አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ጋሽ ባህሩ ገቡ። ዘጋው።

«ዛሬ ምነው ጸጥ አለ?» አሉ እየተቀመጡ።

«ለቅሶ ቤት ነዋ» አለች ተከትላቸው የገባችው ይርገዱ።

ጋሽ ባህሩ «ሼህ ሙእሚን እስኪመጡ ቶሎ ቁረጠኝ» አሉት፤ የኋላሸትም ቶንዶሱን አስነሳ። የቀኝ ወገናቸውን እንደጨረሰ ሼሁ ደረሱ። ሽማግሌ ሞላ፤ ቶንዶሱ ጠፋ። ጋሽ ባህሩ ጨርቁ አንገታቸው ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ራሳቸው ሙልጭ ብሎ፣ ግማሹ እንደ ገብስ ማሳ ቆሞ፣ ወንበሩን ወደ ሸንጎው አዞሩት። የሳቀ የለም።

«ሞተዋል?»

«ሞተዋል» አለ ከማሉዲን።

«ያልሞተው?»

«ያ ነው።»

«አላህ ይዘንላቸው» አሉ ሼህ ሙእሚን፤ ከዚያ ለዓሣ እንዲህ ይባል እንደሆነ ያስቡ ጀመር።

«እንግዲህ ምስክር አያሻም» አሉ ጋሽ ባህሩ። «ግን ዋሱ ይናገር። ምን ትላለህ፣ ልጄ?»

ሁሉም ወደ የኋላሸት ዞረ። እሱ መሬት የወደቀውን ሶኬት አየ። «አይነቀል» የሚለው ጽሑፉ በደንብ ይነበባል፤ ጽሑፉ ድሮም ጥሩ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ቤታውም ይተርፋል፣ ወንበሩም ይተርፋል። ከማሉዲን ግን በገዛ ቤቱ፣ በሽማግሌ ፊት፣ የገዛ ዓሦቹን የገደለ ሰው ይሆናል። ያውም አምርሮ ከከሰሰ በኋላ።

«ዋስ ነኝ ብያለሁ» አለ የኋላሸት። «የዋስ ነገር ይታወቃል።»

«ይኸው ነው?» አሉ ጋሽ ባህሩ።

«ይኸው ነው።»

«እንዴ፣ ተከራከር እንጂ!» አለች ይርገዱ። «አፍ ፈጥሮልህ የለም?»

ጋወኑን አውልቆ መስቀያው ላይ ሰቀለ። ማበጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ መስታወቱ ሥር አኖረ። አግዳሚው ላይ የቀረውን የይርገዱን ባዶ የስኳር ብልቃጥ ከሳጥኑ ውሃ ሞልቶ ቤታውን ቀስ አድርጎ ጨለፈው። ቤታው ብልቃጡ ውስጥ አንድ ጊዜ ዞረና ቆመ። እንደ ልማዱ።

«ከነክዳኑ ውሰደው» አለች ይርገዱ፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። «ወንዙ ብርድ ነው።»

ይህን ጊዜ የከማሉዲን ስልክ ጮኸ።

ሁሉም ወደ ድምፁ ዞረ። ከማሉዲን ሄዶ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ስልኩ ይጮኻል፤ እሱ መሬት ያያል። ቀና ብሎ የኋላሸትን አየው። የኋላሸት ብልቃጡን አየ።

«አንሳው እንጂ፣ ከማሉ» አሉ ሼህ ሙእሚን።

ከማሉዲን አላነሳውም። ቻርጀሩን ነቀለ። ባለፕላስተሩን ሶኬት ከመሬት አንስቶ በሸሚዙ ጠረገና ሰካው። ቡልቅ፣ አለ ሳጥኑ። ቡልቅ፣ ቡልቅ። ብልቃጡን ከየኋላሸት እጅ ተቀብሎ ቤታውን ወደ ሳጥኑ መለሰው። ጋወኑን ከመስቀያው አውርዶ የኋላሸት ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት።

«ኧረ ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ ጋሽ ባህሩ በግማሽ ፀጉራቸው። «ፍርድ ገና አልሰጠንም እኮ!»

ከማሉዲን ስልኩ እጁ ላይ እየጮኸ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።