ቆማ የተገጨችው ቪትዝ

የውሃ ቦቴው ቪትዛችን አፍንጫ ላይ የወጣው መቐለ ሓወልቲ ሰፈር፣ የባለቤቴ ጸጉር ቤት ደጃፍ ላይ ነው። እኔ ቆሜ እያየሁ ነበር። ሹፌሩ ለጎረቤቱ ሆቴል ውሃ ሊገለብጥ ወደ ኋላ ሲመጣ እጄን እያወራጨሁ «በቃ! በቃ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ «ና! ና!» ያልኩት መስሎት ነው መሰል፣ ረጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል መጣ። የመኪናዋ ኮፈን እንደ ቆርኪ ታጠፈ። ሹፌሩ ወረደና ቪትዟን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር መንገድ ዳር ትቆማለች እንዴ?» አለ።

ሰው አልተጎዳም። ባለቤቴን አስካለማርያምን ካልቆጠርን ማለቴ ነው። አስካል ያቺን መኪና የገዛቻት በሰው ጸጉር ነው፤ ስንት ራስ ሠርታ እንደገዛቻት እሷና እግዜር ያውቃሉ። በጦርነቱ ጊዜ ነዳጅ ሲጠፋ ቪትዟ ሸራ ለብሳ ጓሮ ከረመች። ጎማዋ ተነፈሰ፣ አይጥ ሽቦዋን በላው፣ ባትሪዋ ሞተ። እንደገና ተነስታ ሄደች። ከዚያ ሁሉ ተርፋ የሆቴል መታጠቢያ ውሃ ጨፈለቃት።

«ግድ የለም» አልኳት፣ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለን።»

ይህን ስላት ፊቷ ላይ የታየው እፎይታ ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል።

እኔ መርሻ እባላለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ መቐለ አማርኛ ላስተምር መጥቼ፣ አስካልን አግብቼ ቀረሁ። ተፈጥሮዬ ተለማማጭ ነው። ቢሮ ስገባ በሩ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ጎንበስ እላለሁ። አስካል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር የትም ጎንበስ አትልም።

የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ኦፊሰር ተስፋልደት ይባላል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ዕድሜው ከአስካል ቢበልጥ እንጂ የማያንስ ሰው ነው። ያም ሆኖ ገና እንዳያት «ኣደይ፣ ተቀመጪ» አላት። እናቴ ማለቱ ነው። አስካል ተቀመጠች። እኔ ግን አቀማመጧን አላመንኩትም።

ንግግራቸው በትግርኛ ነበር፤ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው የምነግራችሁ። አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባኝ። ተስፋልደት ሰላምታውን፣ ጨዋታውን፣ የዝናቡን ነገር በትግርኛ ያወራና እምቢታው ሲደርስ ወደ አማርኛ ይዞራል። «ከዋናው መሥሪያ ቤት መመሪያ አንጻር» ማለት ሲጀምር አስካል ወደ እኔ ዞር ትላለች።

«ያንተ ቋንቋ ነው፣ አንተ መልስለት።»

በዚያ ቀን የጠየቀው ቀላል ነገር ነበር።

«በአደጋው ጊዜ የመኪናዋ ፍጥነት ስንት ነበር?» አለ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

«ቆማ ነበር» አለች አስካል።

«እሺ፣ ስንት?»

«ቆማ! ሞተሯ ጠፍቶ፣ ሰው ሳይኖርባት። እኔ ውስጥ ደንበኛ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አስገብቼ ነበር።»

ዜሮ ነካ። ኮምፒውተሩ ጢጥ አለ። ደግሞ ነካ፤ ደግሞ ጢጥ አለ።

«ሲስተሙ ዜሮ አይቀበልም» አለ በአማርኛ። «አምስት ልበለው? አምስት ምንም ማለት አይደለም፣ ኣደይ፤ ሰው በእግሩ የሚሄደው ነው።»

«መኪናዬ በእግሯ እየሄደች ነበር ልትል ነው?»

«ለፎርማሊቲ ነው።»

«ለፎርማሊቲ ከሆነማ...» ብዬ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። አስካል በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ።

ያ ለፎርማሊቲ የገባ አምስት አዲስ አበባ ሲደርስ ቁም ነገር ሆነ። ከወራት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው መልስ «ሁለቱም ተሽከርካሪዎች በእንቅስቃሴ ላይ የነበሩ በመሆኑ፣ የጥፋት ድርሻቸው እስኪጣራ ድረስ» የሚል ነበር። ቪትዟ እስኪጣራ ድረስ ጋራዥ ቆመች። የጋራዡ ባለቤት ዶሮ ታረባ ነበር፤ አንዷ የኋላውን ወንበር ወዳ እዚያው እንቁላል መጣል ጀመረች። ሴትዮዋ ጨዋ ናትና እንቁላሉን ለእኛ ታስቀምጥልናለች። ከኢንሹራንሱ ጉዳይ እስከዚያ ድረስ ያገኘነው ጥቅም እሱ ብቻ ነው።

እኔ ብቻዬን ስሄድ ተስፋልደት «ባለንብረቷ ትምጣ» ይላል። እሷ ስትሄድ «ባልሽን ላኪው፣ ኣደይ፣ አንቺ ለምን ትንገላቻለሽ?» ይላል። ሁለታችን ስንሄድ ሲስተም የለም። ሲስተም ሲኖር ሥራ አስኪያጁ አቶ ኣረፋይነ ስብሰባ ናቸው። አንድ ቀን ፋይላችን ጠፋ። ስናየው የተስፋልደት ሻይ ብርጭቆ ስር ነው። «አገኘሁት!» ብሎ ደስ ሲለው፣ የምስጋና ቃል የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እኔም አመሰገንኩት።

ያን ቀን አስካል እስከ ቤት ድረስ ቀድማኝ ሄደች። በር ላይ ስንደርስ ግን፣ «መርሻ፣ አንተ ሰው ሲረግጥህ ጫማው እንዳይቆሽሽ የምታስብ ሰው ነህ» አለችኝ።

እንዲህ እንዳለን ነሐሴ ገባ፤ የአሸንዳ ሰሞን ሆነ። መቐለ ላይ አሸንዳ ሲቃረብ ጸጉር ሠሪ ማለት ከሚኒስትር በላይ ናት። ልጃገረዱ፣ እናቱ፣ ሕፃኑ ሁሉ መሠራት አለበት፤ ሰው ከንጋት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ይሰለፋል። አስካል የዓመት እንጀራዋን የምታገኘው በዚያ ሳምንት ነው። የበዓሉ ዋዜማ ደረሰና፣ ገና ሱቁን ስትከፍት ተስፋልደት ደወለ።

«ኣደይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ከአዲስ አበባ ኢንጂነር ሮሃ የሚባል ገማች ዛሬ በአውሮፕላን ይገባል። ፋይልሽን የሚያየው ዛሬ ብቻ ነው። ባለንብረቷ ራሷ መገኘት አለባት። ስምሽ ሲጠራ ከሌለሽ ፋይሉ ተመልሶ አዲስ አበባ ይሄዳል።»

«ዛሬ?» አለች አስካል። «ኣንታ፣ አንተ ሚስት፣ እህት፣ ሴት ልጅ የለህም? ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አታውቅም?»

ስልኩ ተዘግቷል።

ሄድን። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች አንዲት ቀጭን ሴት ቀድማን ተቀምጣለች። በአማርኛ «ሥራ አስኪያጁን ፈልጌ ነበር» ስትለው ተስፋልደት ሳያያት፣ «ተራሽን ጠብቂ፣ እህቴ፤ ዛሬ እንግዳ አለብን» ሲላት ሰማን። ሴትዮዋ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔም የችግር ጓደኛ ያገኘሁ መሰለኝና ጎኗ ተቀመጥኩ።

አቶ ኣረፋይነ እንግዳውን ሊቀበሉ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደዋል ተባለ። ጠበቅን። አውሮፕላኑ አርፏል ተባለ። ጠበቅን። እንግዳው አልተገኘም፣ ምናልባት የሚቀጥለው በረራ ነው ተባለ። የአስካል ስልክ ግን አላረፈም። «የት ነሽ? ተሰልፈን ነው! ልጆቹ እያለቀሱ ነው!» በመጨረሻ አንዷ ደንበኛዋ፣ ዮሃና የምትባል የባንክ ሠራተኛ፣ ወደ ሌላ ጸጉር ቤት ልሄድ ነው ብላ አስፈራራቻት።

አስካል ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አዳራሹን ዞር ብላ ቃኘችው። ሰፊ ነው። ወንበሩ ብዙ ነው። መብራት አለ፤ በጸጉር ቤቷ በኩል ያን ጊዜ መብራት አልነበረም።

«ኢንሹራንስ ኑ» አለች። «ሁላችሁም። ማበጠሪያና ቅባቱን ይዛችሁልኝ ኑ።»

«አስካል...» አልኩ።

«ጠብቂ ብሎኛል፤ እየጠበቅኩ ነው። እጄን አስሬ ጠብቂ አላለኝም።»

መጀመሪያ ዮሃና መጣች። ከዚያ እናትና ሦስት ልጆቿ። ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ዘበኛው በር ላይ «ለምን ጉዳይ ነው?» ሲላቸው «ለካሳ!» እያሉ ገቡ። አስካል ወንበር ገለበጠች፣ ዮሃናን እግሯ ስር አስቀመጠች፣ አልባሶ ጀመረች። ያን ወፍራሙንና ቀጭኑን እያፈራረቀች ወደ ኋላ የምትጎነጉነውን ነገር ስትሠራ ጣቶቿ አይታዩም። ዘበኛው ቆሞ ትንሽ ካየ በኋላ ለሚስቱ ደወለ። ሳይቆይ ሁለት ሴት ልጆቹ ጸጉራቸውን ታጥበው ከች አሉ።

ተስፋልደት ጩኸቱን ሰምቶ ሲወጣ ልጆቹ የአሸንዳ ዘፈን እየተለማመዱ ነበር፤ ከበሮ ስላልነበረ የአስተያየት መስጫውን ሳጥን ይመቱታል። ያ ሳጥን ባዶ መሆኑን ድምፁ ይናገራል።

«ምንድን ነው ይሄ? ይሄ ቢሮ ነው!» አለ።

«አውቃለሁ» አለች አስካል ቀና ሳትል። «ስሜ ሲጠራ እዚህ ነኝ።»

«ኣደይ፣ እባክሽ ከዚህ ተነሺ!»

አስካል እጇን አቆመች።

«ስማ» አለችው። «እኔ ኣደኻ አይደለሁም። አንተን የሚያህል ልጅ ለመውለድ ጡት ሳልጥል መጀመር ነበረብኝ። አስካለማርያም እባላለሁ። ፋይሌ ላይ ተጽፏል፤ ሻይ ካልፈሰሰበት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ተስፋልደት ጆሮው ቀላ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወደ አማርኛ ዞረ፤ ወደ እኔ ማለት ነው።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እባክዎ ይንገሯት። ከመመሪያ አንጻር...»

አፌን ከፈትኩ። ሊወጣ የተዘጋጀው «ይቅርታ» የሚለው ቃል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ቅጽበት አስካል የቅባቱን ቆርቆሮ ወደ እኔ ዘረጋች። እኔን እንኳ አላየችኝም። ተቀበልኳት።

«ተስፋልደት» አልኩት፣ «እጄ ቅባት ነው፤ አሁን መነጋገር አልችልም።»

በሕይወቴ ለባለሥልጣን የተናገርኩት ትልቁ ድፍረት ይሄ ነው። ደስ ብሎኛል።

ቀጭኗ ሴትዮ ስትስቅ ሰማኋት። «እኔንስ ትሠሪኛለሽ?» አለች አስካልን። «አልባሶ ተሠርቼ አላውቅም።»

«ጠባቂ ነሽ አይደል? ቅድሚያ አለሽ» አለቻት አስካል።

ሴትዮዋ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አስካል እየሠራቻት የቪትዟን ታሪክ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት፤ ቦቴውን፣ ኮምፒውተሩን፣ ዶሮዋን። ሴትዮዋ ታዳምጣለች፤ አንዳንዴ ትጠይቃለች። «ፍጥነት ዜሮ ሲል እምቢ አለ? አምስትን ማን አስገባው?» አስካል በማበጠሪያው ተስፋልደትን ጠቆመችው። ተስፋልደት በሩ ላይ ቆሞ ለፖሊስ ይደውል አይደውል እያሰበ ነበር።

አቶ ኣረፋይነ «ኢንጂነር ሮሃ» የሚል ወረቀት በእጃቸው እንደያዙ ገቡ። ላብ በላብ ሆነዋል። አዳራሹን አዩ፤ ሴቶቹን አዩ፤ ወለሉ ላይ የተበተነውን ጸጉር አዩ።

«እንግዳው ጠፋ!» አሉ። «ሁለት በረራ ጠበቅኩ፤ አንድም ኢንጂነር የሚመስል ሰው አልወረደም!»

«እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ ከወለሉ ላይ። ግማሽ ራሷ ተሠርቷል፣ ግማሹ ቆሟል። «በጠዋቱ በረራ መጣሁ። ስልክዎ አይነሳም። ተራሽን ጠብቂ ተባልኩ፤ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ኋላ ግን ቁጭ ብዬ ላየው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ጸጉሬ ተጀመረ።»

አቶ ኣረፋይነ ወረቀቱን ከጀርባቸው ደበቁት። የተስፋልደትን ፊት ልገልጸው አልሞክርም።

«ልነሳ?» አለች ኢንጂነር ሮሃ አስካልን።

«ግማሽ ሆኖ? እንዲህማ አትወጪም» አለች አስካል፣ ራሷን መልሳ ወደ ፊት ደፋ አድርጋ።

ጸጉሯ አልቆ ስትነሳ የተስፋልደት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከኮምፒውተሩ ጋር ታገለች። ዜሮ ነካች፤ ጢጥ አለባት። ደግማ ነካች፤ ጢጥ አለባት። «እውነቱን ነው፣ አይቀበልም» አለች ተናዳ። «እስከዛሬ ቆሞ የተገጨ መኪና ሁሉ እየሄደ ነበር ማለት ነው?» ከዚያ በእጇ «ቆማ ነበር» ብላ ጽፋ ፈረመችበት። ተስፋልደትን ማንም አልቀጣውም፤ ማኅተሙን እንዲያመጣ ብቻ ታዘዘ፤ አመጣ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በመዘግየቱ የዕቃው ዋጋ ተለውጦ፣ የተፈቀደልን ለአዲስ ኮፈን አልበቃም። የጋራዡ ባለቤት ከሌላ የሞተች ቪትዝ ላይ ኮፈን ነቅላ ገጠመችልን። ቪትዛችን ነጭ ናት፤ ኮፈኗ ሰማያዊ ሆነ። አስካል ዞር ዞር ብላ አየቻትና «ቢያንስ ከሩቅ ትታወቃለች» አለች። በመጀመሪያው እሑድ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። የመኪናዋ ቀለም ከሊብሬው ጋር አይገናኝም፣ ከኢንሹራንሱ ደብዳቤ አምጡ አለ።

አስካል መሪውን ይዛ በረጅሙ ተነፈሰች። «ነገ እኔ እሄዳለሁ» አልኳት። ትንሽ ገርሟት አየችኝ።

በማግስቱ ተስፋልደት ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ጎንበስ አላልኩም፤ ማለት ትንሽ ብቻ ነው ያልኩት።

«መምህር፣ ባለንብረቷ ራሷ መምጣት ነበረባት» ብሎ ጀመረና ቆመ። በሩን አየ። «ወይዘሮ አስካለማርያም... ዛሬ ይመጣሉ እንዴ?»

«እስከ ምሳ ካላለቀ ትመጣለች» አልኩት። «ሠርግ ስላለ ሙሽራዋንና ሚዜዎቹን ይዛ ነው።»

ደብዳቤውን ሻይ ሳይቀርብለት ጻፈው።