ጤነኛ የተባለው ጠርሙስ

አይሆንም፣ ተቀያይሮብኝ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ትላለች እናቴ፣ ቸኩዬ የታማሚውን በጤነኛው ቦታ አስቀምጬው ነው፣ እስቲ እንደገና፣ የማይክሮስኮፑን መስታወት እወለውላለሁ፣ ዓይኔን እጠርጋለሁ፣ ያው ነው። በቀለም ሰማያዊ ያደረግነው ኒውክለስ፣ አረንጓዴው ጠባቂው ፕሮቲን። ሴሉን በጨረር ስንጎዳው ጠባቂው ሮጦ ኒውክለሱ ውስጥ መግባት አለበት፣ ገብቶ ቁም፣ አትባዛ፣ መጀመሪያ ራስህን ጠግን ሊለው፣ ካልተጠገነም ጉልበት አመንጪዎቹን ሚቶኮንድሪያዎች ቀስቅሶ ሴሉን ሊያስገድለው፣ ሥራው ይኼ ነው፣ የኔው ግን ውጭ ቆሟል። ቤቱ እየተዘረፈ ደጅ ቆሞ እንደሚያፏጭ ዘበኛ።

የኔው አልኩ እንዴ?

የኔው ነዋ። ለማወዳደሪያ ጤነኛ ሴል አጣን፣ ፈቃዱ ሦስት ወር ይፈጃል ተባለ፣ ማን ይጠብቃል፣ እኔ ጉንፋን እንኳ የማያውቀኝ ሰው ክንዴን ዘርግቼ እንኩ አልኩ፣ ዶክተር ቁራጭ ቆዳ ወሰዱ፣ ጠርሙሱ ላይ ጤነኛ ብዬ በእጄ ጻፍኩ፣ ሳቅን። ይኼው ጽሑፌ። ቁጥሩም ልክ ነው። አልተቀያየረም፣ ወይኔ፣ አልተቀያየረም።

አክስቴ በሠላሳ አራቷ፣ ከሷ በፊት አያቴ፣ ካንሰሩ አንዷን ከጡቷ አንዷን ከአጥንቷ ጀምሯት፣ ዕድላቸው ነው ይባል ነበር ለቅሶ ላይ፣ ዕድል! የስንቱን ታማሚ ዘር ማንዘር ጠይቄ ቅጽ ስሞላ የራሴን አንድ ቀን አልጠየቅኩም፣ ጉድ እኮ ነው። እኔ ሠላሳ ሁለት ነኝ።

ዶክተር በሩ ላይ ናቸው፣ እህ፣ ጠባቂው ገባ? አልገባም ዶክተር። የታማሚውን አይደለም፣ የጤነኛውን ነው የምልሽ። ጤነኛ የለንም፣ እላለሁ። ከዚያ ወንበር ይስባሉ፣ ቁጭ በይ ልጄ፣ አንድ ጊዜ በታየ አይፈረድም፣ ነገ ከደምሽ ደግመን እናያለን፣ እሺ እላለሁ፣ ደግሞ ይታይ፣ ግን እኔን የያዘኝ የኔ ነገር አይደለም፣ ልጄ ናት፣ ገና ስድስት ዓመቷ፣ ትናንት ከትምህርት ቤት ስወስዳት አስተማሪዋ አየት አርጋን ቁርጥ እናቷን፣ ምንም አላስቀረሽም እኮ አለችኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ፣ አዎ፣ ምንም አላስቀረሁም አልኳት።