ነጎድጓድን የከሰስኩ ለታ

አለቃችንን ነጎድጓድ ያልነው እኛ ነን። ዳቦ ቤቱ ውስጥ አንድ ትሪ ሲወድቅ የእሱ ጩኸት ከትሪው ይብሳል። ሃያ ስድስት ዓመት ሊጥ ያቦካ ሰው ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል። እኔ ደግሞ ያንን ጡረታ ላሳጣው ቆርጬ ተነስቼ ነበር።

ምክንያቴን ስሙኝ። የሊጥ ማሽናችን ክዳኑ ሲነሳ ራሱ ይቆማል፤ የሰው እጅ እንዳይበላ ነው። ሥራ ሲጣደፍ ግን ክዳኑን ከፍተን ዱቄት እየጨመርን እንዲሽከረከር ስንፈልግ፣ ማቆሚያውን በጨርቅ ጥፍር አድርገን እናስረዋለን። ክልክል ነው፤ ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ስንጨርስ እንፈታዋለን። ሰኞ ጠዋት ግን ሳይፈታ ተገኘ። እዚያው አብራኝ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ክዳኑን አንስታ፣ ማሽኑ ይቆማል ብላ፣ ጠርዙ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ ልትፍቅ እጇን አስገባች። አራት ጣቶቿን ወሰደባት።

እኔ ያን ቀን የከሰዓት ተረኛ ነበርኩ። ስደርስ ወለሉ ታጥቧል። ነጎድጓድ የመሥሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት «ያሰርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ፈርሟል አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሽርጤን እንኳ ሳላነሳ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ።

መናደዴ ኃጢአት አልነበረም፤ ዛሬም የማምነው እንደዚያ ነው። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ በእነዚያ ጣቶች ነበር። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጣዬ ጣፈጠኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ «ጌታ ሆይ፣ ፍረድበት» ስል ልመና አልነበረም፤ ለፈጣሪ ትዕዛዝ መስጠቴ ነበር። የሰውየው አካሄድ ሳይቀር የክፋት ምልክት ሆኖ ታየኝ። ሦስት ገጽ ክስ ጻፍኩ። «ይህን ያደረገ ሰው ያለ ጡረታ ይባረር፤ ምሕረት አይገባውም» ብዬ ደመደምኩት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ኮሚቴው ክሱን የሚያይበት ስብሰባ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ እህቴ በግራ እጇም ቢሆን እንድትፈርምበት ሆስፒታል ይዤላት ሄድኩ።

«አልፈርምም፣ እትዬ» አለችኝ።

«ፈራሽው እንዴ? እኔ እያለሁልሽ?»

«አልፈራሁትም።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ጨርቁን አይቼዋለሁ።»

«የቱን ጨርቅ?»

«ማቆሚያው የታሰረበትን። የሽርጥሽ ማሰሪያ ነው። ቢጫው፣ እኔው የሰፋሁልሽ።»

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። ቅዳሜ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ፈትቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ እፈታለሁ። ግን መፍታቴን ለማስታወስ ስሞክር የመጣልኝ ሌላ ነው፦ ስልኬ ሲጠራ፣ ማሽኑን ሳጠፋ፣ የጎረቤታችንን ሰርግ እያወራሁ በሩን ስዘጋ። መፍታቱ የለም። ደጋግሜ ፈለግሁት፤ የለም።

«ነጎድጓድ በአንድ እጁ እኔን ደግፎ በሌላው ጨርቁን ቆረጠና ኪሱ ከተተው» አለች። «መኪና ውስጥ ‹ለእህትሽ እንዳትነግሪያት፣ አትችለውም› አለኝ። ያለቅስ ነበር፣ እትዬ።»

«አንቺስ? ሦስት ቀን ሙሉ ስረግመው እየሰማሽ ዝም አልሽኝ?»

«ይውጣልሽ ብዬ ነው።» በደህናው እጇ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። «ይቅር ያልኩሽማ ሰኞ ነው።»

ክፍሉ ያው ነበር፤ ያው የብረት አልጋ፣ ያው የፕላስቲክ ወንበር። ግን ጫማዬን አውልቄ መቆም ያለብኝ ቦታ መስሎ ተሰማኝ። እኔ ዳኛ ነኝ ብዬ ስንጎራደድ፣ የተበደለችውም የተከሰሰውም ደብቀው ይዘውኝ ኖሯል። ሦስቱን ገጽ አጣጥፌ ወደ ስብሰባው ሄድኩ።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው «ክስሽን አንብቢ» አለኝ።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ነጎድጓድ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «ማን ጠየቀሽ! ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም፣ ጋሼ።» ጋሼ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢው ግራ ገባው። «ታዲያ ለምን ዋሹን?» አለው።

«ግማሹ ውሸት አይደለም። ጠዋት ሳልፈትሽ ያበራሁት እኔ ነኝ፤ መፈተሽ የእኔ ሥራ ነው።» ከዚያ ያ ድምፅ ዝቅ አለ። «ልጅቷ እጇን አጥታለች። እህቷንም እንድታጣ አልፈለግኩም።»

ኮሚቴው ሊመክር ሁለታችንንም አስወጣን፤ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። ሰውየውን በጩኸቱ ፈርቼው አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ፈራሁት፤ ሰው እግዚአብሔርን በሚፈራው ፍርሃት። ቆሜ ቀረሁ። ቀና ብሎ አየኝና ቦታ ለቀቀልኝ።

«ቁርስ በልታለች?» አለኝ።

«በልታለች» አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።