ገመዱን የያዘችው

«እማ፣ ግድግዳው ላይ ምን ይላል?»

«እኔ ምኑን አውቄው!» አለች እናትየው ያኔ። የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ዕድሜዋ ያለቀ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ልጅቷ ደግሞ አፍንጫዋን ከኮምፒውተሩ ስክሪን ጋር ብታጣብቅም ጽሑፍ መለየት አቅቷታል። ሐኪሙ ዓይኗ እንደማይድን ቁርጡን ነግሯቸዋል።

ልጅቷ የምትጫወተው የኮምፒውተር ጌም ውሃ እየሞላው ስላለ አንድ ባዶ ቤት ነው። አንዲት ሴትዮና አንዲት ትንሽ ልጅ በር እየከፈቱ ከክፍል ክፍል ይሄዳሉ። ውሃ ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ይንቋቋል፣ ከግድግዳው ጀርባ የሆነ ነገር ይተነፍሳል። ልጅቷ ትንሿን በጆሮዋ ትመራታለች። የበሩ አከፋፈት ግን ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ ነው የሚጻፈው።

«ሌላ ብትጫወቺ ምናለበት? ይሄስ ያስፈራል» አለች እናትየው።

«ይሄን ሳልጨርስ የትም አልሄድም» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

የምትሄደው የት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዓይነ ስውራን የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ ሩቅ ነው። ቀልዱ በእናትየው ልብ ውስጥ እንደ ቃል ኪዳን ተቀመጠ፤ ጌሙ ካላለቀ ልጇ አትሄድም።

ያም ሆኖ የልጇ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት፤ ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ካውያ የለመደ እጇን ስክሪኑ ላይ እየጎተተች፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «መ… ብ… ራ… ቱን…»

«እማዬ፣ አንቺ እስክትጨርሺ እኮ ሰጥመን አለቅን።»

«አታጣድፊኝ፣ ይጠፋብኛል።»

የጌሙን ሴትዮ የምታንቀሳቅሰውም እናትየው ሆነች። እንዲህ እየተባባሉ በር በበር ላይ ከፈቱ።

አንድ እሑድ ከሰዓት የመጨረሻው ክፍል ደረሱ። ከጣሪያው ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከማዶ ደረጃ አለ። እናትየው ጣቷን ጽሑፉ ላይ አሳረፈች።

«ይሄኛው ደብዝዟል» አለች። «አይነበብም።»

ልጅቷ ጆሮዋን አቀናች። «አንብበሽዋል፣ እማ።»

«ምኑን?»

«ሲያቅትሽ ትንተባተቢያለሽ። አሁን ግን ድምፅሽ አልወጣም። በሆድሽ ነው ያነበብሽው።»

እናትየው ክው አለች። አስተማሪዋ «አንድ ቀን ከንፈርሽ ሳይንቀሳቀስ ታነቢያለሽ» ካላት ወዲህ ያን ቀን ስትናፍቅ ነበር የከረመችው። መጥቶ ነበር፤ እሷ ግን ልብ አላለችውም።

«እዚያ ትምህርት ቤት ማን እጅሽን ይይዛል?» አለች።

«ማንም። ለዚያ እኮ ነው የምሄደው።» ልጅቷ ፊቷን ወደ እናቷ ድምፅ አዞረች። «እዚህ ብቀርስ? በሩ ሥር ተቀምጬ ኮቴሽን ስጠብቅ ላረጅ?»

እናትየው ጣቷን ጽሑፉ ላይ መለሰች። ከዚያ ሳትንተባተብ አነበበችው። «አንዷ ገመዱን ትያዝ። የያዘችው አትወጣም።»

«እኔ ልያዝ?»

«አርፈሽ ውጪ።»

እናትየው የኪቦርዱን ቁልፍ ተጫነች። ሴትዮዋ ገመዱን ሳበች፣ በሩ ተከፈተ። የትንሿ ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ፤ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ውሃው የሴትዮዋ ደረት ደረሰ፣ አንገቷ ደረሰ። ስክሪኑ ጨለመ።

«አለቀ?» አለች ልጅቷ።

«አለቀ።»

እናትየው ጣቷን ግን ከቁልፉ ላይ አላነሳችም።

በሳምንቱ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄደው አውቶቡስ መጣ። ልጅቷ ሄደች፣ እናትየው ቀረች።