እንደ ዓምናው

«አንዴ ከባለቤትዎ ኢንሹራንስ ከወጡ መመለስ የለም፣ ጋሽ ክፍሌ። ይሄን ደግሜ ልንገርዎ» አለች ፈነት፣ ላፕቶፑን ወደ እሱ መለስ አድርጋ።

ክፍሌ ስክሪኑን አየው እንጂ አላነበበውም። ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር፣ በአረጋውያን ሕንፃው አዳራሽ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። የሕንፃው ጡረተኛ ሁሉ የኢንሹራንሱን ነገር ቀደም ብሎ ጨርሷል። የመቀየሪያው ጊዜ የሚያበቃው ዛሬ ነው፤ ክፍሌም እንደ ልማዱ የመጨረሻዋን ቀን ጠብቆ ከፎቁ ወረደ። የወረደው ግን ፕላን ሊቀይር አልነበረም። ጽጌሬዳ ዘንድሮ ለምን ሳትደውል እንደቀረች የሚነግረው ሰው ፈልጎ ነበር፤ ይህንን ደግሞ ጡረተኞችን በአማርኛ ልትረዳ ለመጣች የወሎ ልጅ እንዴት ብሎ ይጠይቃታል?

ጽጌሬዳ ሚስቱ ናት። ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ዕቃ ስታጸዳ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ መሥሪያ ቤቷ ለጡረተኞቹ በሚሰጠው ኢንሹራንስ ውስጥ እሱንም በባልነቱ አስገባችው። እሱ ዕድሜውን የፈጀው በኤርፖርት ሚኒባስ ላይ ነው፤ አሠሪዎቹ ጀርባውን መታ መታ አድርገው ከመሸኘት ያለፈ የሰጡት ነገር የለም። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ቲጂ ወለደችና ጽጌሬዳ አራስ ልታርስ ክሪስታል፣ ከተማው ዳር ወዳለው የቲጂ ቤት ሄደች። ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ፣ ዳዴ አለ፣ ትምህርት ቤት ገባ። እሷ አልተመለሰችም።

ነዪ አላላትም፤ እሷም አልመጣም አላለችውም። ሽማግሌ እንዳይላክ አልተጣሉም። ሠርግ ሲጠሩ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ሰው እያየ ያጎራርሱ ይሆናል፤ ድግሱ ሲያልቅ እሷ በልጇ መኪና፣ እሱ በባቡር ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የጠየቀ ካለ መልሱ የታወቀ ነው፤ የልጅ ልጇን ይዛ ነው። የልጅ ልጅየው አሁን በብስክሌት ሰፈሩን ያካልላል።

በዓመት አንዴ ግን፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲያበቃ፣ ትደውልለታለች።

«እንደ ዓምናው ይሁን?» ትለዋለች፤ የኢንሹራንሱን ማለቷ ነው።

«ይሁን» ይላታል።

ከዚያ ስለ ብርዱ ያወራሉ። ጉልበቱን ትጠይቀዋለች፣ እሱም ደኅና ነው ብሎ ይዋሻታል። ይህችን ስልክ ክፍሌ ዓመቱን ሙሉ ይናፍቃታል። ከደወለች በኋላ ለብዙ ቀን ድምጿ ቤቱ ውስጥ የቀረ ይመስለዋል፤ ሻይ ሲያፈላ እንኳ ቀስ ብሎ ነው። ዘንድሮ ቅጠሉ ረገፈ፣ በረዶው ወረደ፣ ስልኩ ግን ዝም አለ።

«የርስዎ ድርሻ እኮ ከባለቤትዎ ጡረታ ነው የሚቆረጠው» አለች ፈነት። «አያውቁም እንዴ?»

«ሆስፒታሉ አይደል የሚከፍለው?»

«የሳቸውን ነው። የርስዎን እሳቸው ናቸው የሚከፍሉት። መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የሜዲኬር ኢንሹራንስ ዕድሜዎ ደርሷል፤ እስካሁን የራስዎን ፕላን መያዝ ይችሉ ነበር።»

ክፍሌ ጆሮው ድረስ ጋለ። አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። እሷ ደግሞ ይቺን አፍ አውጥታ ከምትናገር ሞቷን ትመርጣለች፤ ክፈለኝ ያለች ይመስልባታል። የሁለቱ ትዳር የኖረውም የፈረሰውም በዚሁ ዓይነት ዝምታ ነው።

«ሐኪሞችዎን ቼክ አድርጌያለሁ፤ አዲሱ ፕላን ላይ ሁሉም አሉ። ለድሮው መንገርም አይጠበቅብዎትም። እዚህኛው ላይ ኢንሮል ካደረግንዎ ያኛው በራሱ ይለቅዎታል። ብቻ እንዳልኩዎት፣ በኋላ ቢጸጽትዎ የሆስፒታሉ በር አይከፈትም።»

ያስደነገጠው ይኼ በራሱ ይለቅዎታል የሚለው ነው። ሳይነግራት መውጣት ይችላል ማለት ነው። አንድ ቀን የማታውቀው ሰው ደውሎ ባለቤትዎ ከፕላኑ ወጥተዋል ይላታል፣ እሷም እሺ ብላ ስልኩን ትዘጋለች፣ ከዚያ ወዲያ የሚያገናኛቸው የሰው ሠርግና ለቅሶ ብቻ ይሆናል። እዚያው ፕላን ውስጥ ቢቀር ደግሞ ከእንጀራዋ እየተቆረሰ ነው የሚቀረው።

«ትንሽ ልቆይ፣ ልጄ?»

«እስከ ማታ አለሁ። ከየትም ሆነው ይደውሉልኝ፣ በስልክ እንጨርሰዋለን። ነገ ግን ምንም ላደርግልዎ አልችልም።»

ሊደውልላት ስልኩን አወጣ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ቀድሞ የደወለባት ቀን የለም። ምን ብሎ እንደሚጀምር ቸገረውና ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ፤ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

ባቡሩ መሐል ከተማ አወረደው። የክሪስታሉን አውቶቡስ ሲጠብቅ ነፋሱ ዓይኑን አስለቀሰው፤ ነፋሱ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠ። የሹፌርነት ነገር ሆኖበት እግሩ በየመብራቱ ፍሬን ይፈልጋል። ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ቢመጣ ብሎ ቦርሳውን ከወንበሩ አነሣ፤ ሰዎቹ ግን ባዶ ወንበር ስለበዛላቸው እያለፉት ሄዱ።

የቲጂን ቤት የሚያውቀው በድግስ ቀን፣ ሰው ሲሞላው ነው። ደወሉን ተጫነ። ጽጌሬዳ በሩን ከፈተች፣ አየችው፣ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ቲጂ ናት? ከሥራዋ ደወሉ?»

«ኧረ ማንም! ማንም አልሞተም፣ ጽጌ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች። ሳይነግሩ የሚመጣ ሰው መርዶ ይዞ እንጂ ለሌላ አይመጣም፤ ባል ቢሆንም። ወደ ውስጥ አስገባችው። ጫማውን ሲያወልቅ ጉልበቱ እንደማይታጠፍለት አየች፤ ምንም ሳትል ወንበር ሳበችለት።

«አልደወልሽም» አላት።

«ጠበቅሁሃ። ዘንድሮ እንኳ እሱ ይደውል አልኩ። ስንት ዓመት እኔ?»

ክፍሌ አንገቱን ደፋ። እሱ ቤቱ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ፣ እሷም እዚህ ተቀምጣ የራሷን ስልክ ስታይ ከርማለች። ይህን ማወቁ ደስ አሰኘውም፣ አንጀቱንም በላው።

«ከጡረታሽ እንደሚቆረጥ አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅኸኝም።»

«ልወጣ ነው። የራሴን እይዛለሁ።»

«ውጣ ያለህ አለ?»

«የለም።»

ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች፣ ቧንቧውን ከፈተች። ጀርባዋን ሰጥታው አንድ ንጹሕ ብርጭቆ ታጥብ ጀመር።

«ከወጣህ በኋላ መልሰው አይቀበሉህም። ነግረውሃል?»

«ነግረውኛል።»

ብርጭቆውን እንደገና አረፋ ቀባችው። ቆይታ፣ ሳትዞር፣ «እንግዲህ እኔ ምን ብዬ ነው የምደውልልህ?» አለች።

ክፍሌ ተነሥቶ ወደሷ መሄድ ፈለገ፤ መሄድ ግን የለመደው ነገር አልነበረም። እኔ እደውላለሁ ሊላት አስቦ አፈረ፤ ደውሎ የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል ማን ያምነዋል? ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገና የፈነትን ቁጥር ነካ፤ ጆሮው ስለደከመ ድምፁን በስፒከር ለቀቀው።

የአዲሱን ፕላን ቅጽ ለመሙላት ፈነት እየጠየቀች፣ እሱ እየመለሰ ሄዱ። የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የሚወስደው መድኃኒት። ስለ ጉልበቱ ሲጠየቅ ሌሊት እንደማያስተኛው ተናገረ። ጽጌሬዳ ብርጭቆውን ማጠብ አቆመች።

«ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑ የምንጠራው ሰውስ?» አለች ፈነት። «ስምና ስልክ።»

ክፍሌ አሰበ። ቲጂን ሊል ነበር። ከዕቃ ማጠቢያው በኩል ጽጌሬዳ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፤ ቀጥላም የስልኳን ቁጥር እያዘገመች ነገረቻት፣ እንዳይሳሳት ደገመችላት።

«እሺ፣ ገብቷል» አለች ፈነት። «ጋሽ ክፍሌ፣ ለርስዎ ምንዎ ናቸው? ባለቤት ብዬ ልጻፍ?»

ጽጌሬዳ ቧንቧውን ዘጋች፤ ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ይሰሙኛል?» አለ ስልኩ።