የእንግዳ ክፍሉ ቁም ሳጥን

አናጢውን ሁሉም ሰው የሚጠራው «ይቻላል» እያለ ነው። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ያለም አይመስልም። የጠየቁትን ሁሉ «ይቻላል» ብሎ ስለሚመልስ ቃሉ ስሙ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ሳምንት የአዲስ ቤቷን ቁም ሳጥኖች የሚሠራላት የአንዲት ልብስ ሰፊ ባል ሊያሾፍበት ብሎ፣ «ቁም ሳጥኑ ውስጥ መስኮት ብታወጣልንስ?» ቢለው፣ ሜትሩን እየዘረጋ፣ «ይቻላል። በየት በኩል ይሁን?» አለ።

ባልየው በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊዋ ግን ይቻላልን ከልቧ ወደደችው። የኪራይ ቤት ዘመኗን በሙሉ «አይቻልም» ስትባል ነው የኖረችው። ምስማር መምታት አይቻልም፣ ቀለም መቀየር አይቻልም። የስፌት መኪናዋ አልጋ ሥር ያድራል፤ ጨርቁ ሻንጣ ላይ፣ ሻንጣው ካርቶን ላይ ይቆለላል፤ አንዲት የክር ጥቅል ለማግኘት ቤቱ ይታመሳል። አሁን የራሷ ቤት ጣሪያው ተመትቶ ልስኑ ሲደርቅ ያ ሁሉ አምሮቷ ገነፈለ። ቁም ሳጥኑ ሁሉ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ እስከ ኮርኒሱ ይድረስልኝ አለች። ግን ደግሞ አንዴ ተሠርቶ የሚደርቅ አይሁን አለች።

«ዛሬ ጨርቅ የምደረድርበት ነገ የሕፃን ልብስ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል» ብላ ለይቻላል ስታስረዳው፣ ባሏ ከጓዳ ጆሮው ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ለምሳሌ ነው ያልኩት!»

ይቻላል በእያንዳንዱ ቁም ሳጥን የውስጥ ጎን፣ በግራም በቀኝም፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በሳ። መደርደሪያው የሚቀመጠው ቀዳዳዎቹ ውስጥ በሚገቡ ትናንሽ እንጨቶች ላይ ነው፤ እንጨቶቹን ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ መሰካት፣ በቃ፣ መደርደሪያው ወጣ ወይም ወረደ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ሲዘረጋ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሲታጠፍ ግድግዳ የሚሆን ሰሌዳ ገጠመላት። እሷም ስትዘረጋና ስታጥፍ፣ ስታጥፍና ስትዘረጋ ዋለች። «ኧረ ሳንገባበት ማጠፊያውን ጨረሽው!» አለ ባሏ።

በቁም ሳጥኖቹ ሽፋን ላይ ግን ተጣሉ። እሱ የሚያብረቀርቅ ፈለገ፤ እሷ የማያብረቀርቅ። «ካላብረቀረቀ አዲስነቱ በምን ይታወቃል?» ይላል እሱ። «የጣትህን አሻራ ስፈትግ ልኑር?» ትላለች እሷ። በመጨረሻ ማድ ቤቱ እንዲያብረቀርቅ፣ የሚያብረቀርቀውንም እሱ እንዲወለውል ተስማሙ። እስካሁን አልተጸጸተም፤ ገና አልጀመረማ።

ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው። የሴትዮዋ ልብ የተንጠለጠለው በአንዲት ክፍል ላይ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ በምትገባባት፣ ለመታጠቢያ ቤቱ ቅርብ በሆነችው ክፍል። ክፍሏን ለአባቷ ብላ ነው ያሠራችው። አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በሦስት ልጆቹ ቤት በተራ ይኖራል። የትም ቢያድር ሻንጣውን ፈትቶ አያውቅም፤ ሸሚዙን ያወጣል፣ ይለብሳል፣ ታጥቦ ሲደርቅ መልሶ ይከታል። እሷም ይሄን ባየች ቁጥር፣ «ቤቱ ሲያልቅ ጠቅልለህ እኔ ጋ ና» ስትለው መልሱ አንድ ነው፦ «ይለቅና እናያለን።»

እንዲያም ሆኖ ከሰዓት ከሰዓት ግንባታውን ሊያይ ብቅ ይላል። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አብረው ተቀምጠው ሳለ ይቻላል ከውስጥ ተጣራ።

«እትዬ! የእንግዳ ክፍሉ ቁም ሳጥን ስንት መደርደሪያ ይውጣለት?»

«የእንግዳ ክፍሉ?» አለች፣ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካች ቀና እንኳ ሳትል። «ለጊዜው ሁለት ይበቃዋል።»

አባቷ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ለእንግዳ ቁም ሳጥን ምን ያደርግለታል?» አለ እየሳቀ። «አንድ መስቀያ ምቱለት፤ ኮቱን ሰቅሎ ያድራል።» እሷም አብራው ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

በማግሥቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ማታ አባቷ ያረፈበት ወንድሟ ደወለላት። «አባዬ ወደ ታናሻችን ቤት ልሂድ እያለ ነው። ተራዋ መቼ ደረሰ? ተጣላችሁ እንዴ?»

ስልኩን እንደያዘች ደነገጠች። የእንግዳ ክፍል! ፕላኑን ያወጣው ሰውዬ ነው እንዲያ ብሎ የጻፈው። ከዚያ ግንበኛውም የእንግዳ ክፍል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም የእንግዳ ክፍል፣ ባሏም፣ ራሷም። ማንም ምንም አስቦ አልነበረም። እዚያ በረንዳ ላይ የተቀመጠው አባቷ ግን በልጁ ቤት ምን እንደሆነ ከልጁ አፍ ሰማ። «ምን ነካኝ?» እያለች ደረቷን ደቃች።

«ሂጂና ልክ ልኩን ንገሪው» አለ ባሏ፣ ሊያስቃት ፈልጎ። «ሥራሽ አይደል?»

እውነትም ሥራዋ ነው። ጠዋት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወንድሟ ቤት ሄደች። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሻንጣው ተዘግቶ አጠገቡ ቆሟል።

«ቁም አባዬ። ልክህን ልወስድ ነው።»

«ሱሪ አለኝ።»

«ሱሪ ማን አለህ? ቁም ሳጥን ነው የምሰፋልህ። ቀኝ እጅህን አንሣ።»

እያጉረመረመ ቆመ። ዕድሜ ልኩን መሪ ሲያዞር የኖረው ትከሻው ታስሮ እጁ ከጆሮው በላይ አልሄድ አለ። እሷም ከወለሉ እስከ ጣቱ ጫፍ ለካች። «የልብስ መስቀያው ዘንግ እዚህ ጋ ይሆናል። ጫማህን ስታደርግ ታጎነብሳለህ?»

«ወገቤ የት አለና? ተቀምጬ ነው።»

«እንግዲያው ከሥሩ መቀመጫ ይውጣለት፤ ጫማህ እዚያው ውስጥ ይሁን።» ተንበርክካ ጉልበቱ ድረስ ለካች።

ከላይ ሆኖ አያት። «ይሄ ሁሉ ለእንግዳ ክፍል?»

እጇ ቆመ። «አባዬ፣ ያን ቃል ፕላን ላይ የጻፈው ሰውዬ አያውቅህም። እኛ ነን እንደ በቀቀን የደገምነው፤ እኔ ነኝ። ክፍሉ ገና መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ ያንተ ነው። እንግዳ ከመጣ ሳሎን ይተኛ!» ሜትሯን መልሳ አንገቷ ላይ ጣለች። «አንተ ከሌለህበት ቤቱ ለኔ አላለቀም።»

ትከሻውን ዳሰሰ። «ትከሻዬ ነገ ቢብስበትስ?»

«ዘንጉ ዝቅ ይላላ! ቀዳዳው እስከ ታች ድረስ ነው።»

«እስቲ... ልየው» አለ። እሺ አላለም።

ቁም ሳጥኑ ተገጥሞ ባለቀ ቀን መጣ። በሩን ከፈተ። እጁን አነሣ፤ ዘንጉን ያዘው። መሳቢያ ስቦ መለሰ፣ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ ተነሣ። ልጁ ኮሪደሩ ላይ የተጠረገ ወለል ትጠርጋለች፤ ባሏ የተወለወለ መስተዋት ይወለውላል።

በዚህ መሃል ቀለም ቀቢው ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ ገባ። «የዚህ ክፍል ባለቤት ማነው? ልጀምር ነው።»

እሷ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ይሄን እሷ ልትመልስለት አትችልም።

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ። ወዲያው ቆርቆሮው ላይ አጎንብሶ ፊቱን ኮሶ አስመሰለ። «ይሄን ቀለም ማን ነው የመረጠው? ክሊኒክ ልታስተኙኝ ነው እንዴ?»

ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት፤ ስንት ሱቅ አዙራ፣ ስንት ናሙና አገላብጣ። በሰው ፊት እንዲህ ተብላ እንደዛሬ ደስ ብሏት አያውቅም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ምን ዓይነት ይሁንልህ አባዬ?» አለች።

«ሞቅ ያለ ቢጫ» አለና ወደ ቀቢው ዞረ። «ደግሞ ሁለት እጅ አድርገህ ቀባው። የሚለቅ ነገር አልፈልግም።»