የአያት ሰላምታ

ኒዩራ ያንን ሰላምታ ባትለው ይሻል ነበር። ግን እንዴት አድርጋ? በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ፣ በቢኪን ወንዝ ዳር ያደገ የኡዴጌ ጎሳ ሰው ጫካ ውስጥ የነብር ዱካ ካየ፣ ቆሞ ባርኔጣውን ሳያወልቅና «አያቴ፣ እርስዎ በመንገድዎ፣ እኛ በመንገዳችን» ሳይል አያልፍም። ነብር ብሎ መጥራትማ የማይታሰብ ነው። እሷ የምትሠራበት የነብር ግልገሎች ማገገሚያ ደንብ ደግሞ ሌላ ነው፤ ግልገል የሚመግብ ሰው ፊቱን አያሳይም፣ ድምፁን አያሰማም። ሰውን ከስጋ ጋር ያገናኘች ነብር ጫካ አትለቀቅም፤ ዕድሜዋን በፍርግርግ ውስጥ ትገፋለች።

የምትመግባት አንዲት ግልገል ነበረች፤ እናቷን የገደለው የኒዩራ ባል የፕሮንያ ወጥመድ ነው። ለዱር አሳማ ያጠመደው ሽቦ አንገቷን ይዞ አስቀራት። በዚያው ክረምት ፕሮንያ ጫካ ገባ፤ የተገኘው ባርኔጣው ብቻ ነው። መንደሩ «አያት ደሙን መለሰ» ብሎ ተወው። ኒዩራ ግን ባርኔጣውን አጥልቃ ግልገሏን ልታሳድግ ማገገሚያው ገባች። ቅርንጫፍ በተሰበረ ቁጥር ባሏ የመጣ እየመሰላት ትደነግጣለች። ስጋውን በአጥሩ ሥር ስታሾልክ ሰላምታውን በሹክሹክታ ትለዋለች። ይቅርታ መጠየቋ ነበር።

ግልገሏ አደገች። የማገገሚያው ኃላፊ ማካር ኢቫኖቪች ሰው መፍራቷን ሊፈትን እየጮኸ ወደ አጥሩ ሲሄድ አጉረምርማ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች።

«አለፈች! ወደ ጫካ የምትወሰድበትን ሳጥን አምጡ!»

«አላለፈችም» አለች ኒዩራ። «አናግሬያታለሁ።»

«ምን?»

«ሰላም እላት ነበር። ስጋ በሰጠኋት ቁጥር።»

«አንቺ ሴትዮ ጉድ ሠራሽኝ! ጎረቤትሽ መሰለችሽ? ምን ብለሽ?»

ነገረችው። ማካር መንደሩ ውስጥ የኖረ ሰው ነውና ፊቱ አመድ መሰለ። «አዳኙም እንጉዳይ ለቃሚውም የሚለውን? 'ይሂዱልን' ሲሏት 'ብይ' ያሏት ሊመስላት ነው! በቃ፣ መካነ እንስሳት ትሂድ።»

«እናቷን ገደልንባት፤ እሷን ደግሞ ልናስራት? ያስለመድኳት እኔ ነኝ፣ እኔው አስረሳታለሁ። የጎማ ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃ ይስጡኝ።»

ፊቷን ሳትሸፍን አጥሩ ጋ ቆመች። ባርኔጣውን አውልቃ ሰላምታውን አለች። ነብሯ በአፍንጫዋ እፍ እፍ እያለች፣ ደስ ብሏት መጣች። ኒዩራ ተኮሰች። ነብሯ ዘልላ ወደቀችና ዞር ብላ አየቻት። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አይለቃትም። በማግስቱም ጠራቻት፤ ነብሯ መጣች፣ ግን ቀስ ብላ። እንደገና ተኮሰች። በኋላ ኒዩራ ገና «አያቴ» ስትል ጥጓን ይዛ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

ተለቀቀች።

በረዶ እንደ ጣለ፣ ኒዩራ እንጨት ልትፈልጥ ጓሮ ስትወጣ ትኩስ ዱካ ከጫካው እስከ አጥሯ መጥቷል። ነብሯ ጥዱ ሥር ቆማ ታያታለች። ዝም ብትላት ትቀርብ ይሆናል፤ ብትቀርብ ደግሞ ነገ ሰው ይገድላታል። ኒዩራ ባርኔጣውን አወለቀች።

«አያቴ፣ እርስዎ በመንገድዎ…»

ሳትጨርስ ነብሯ ጆሮዋን አጥፋ ሸሸች። የጥዱ በረዶ ከኋላዋ ረገፈ።

ለማካር ደወለችለት።

«ሸሸች? እሰይ! ዳነች በያ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ይቅርታ የምላት በዚያው ቃል ነበር» አለች ኒዩራ።